ሁለት ጣት ትርፍ

«እኔ የምለው መምህር፣ ሴትዮ ከሕፃናት ጋር ትሮጣለች እንዴ?» አለች አክስት በስልኩ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። ዝቅ አላለም። አክስት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪና ጩኸት ላይ እየጮኸች የኖረች ልብስ ሰፊ ናት፤ ሹክሹክታዋ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ከመጋረጃው ወዲያ ትልቋ አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ ከትታ፣ ሌላውን ባዶውን አንጠልጥላ፣ እንደዚያው ደርቃ ቀረች። ሴትዮ የተባለችው እሷ ነበረች።

ቤቱ እንደሆነ አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ ፊቱ ስፌት ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ። ከፊት ሁለት የስፌት መኪና፣ ጨርቅ የሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት፣ እግራቸው ገና ያልታጠፈ ሱሪዎች የተንጠለጠሉበት ሽቦ፤ ከኋላ ደግሞ የአክስት አልጋ፣ የልጆቹ አልጋ፣ ምድጃና አንድ ቁም ሣጥን። በመካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ በዚህ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ዕድሜ የለውም። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ የአክስት የሟች እህቷ ልጅ ናት፣ ትንሿ የራሷ። ስማቸውን ጎረቤቱ ረስቶታል ማለት ይቻላል፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ትልቋና ትንሿ ናቸው። ትልቋ አሥራ ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ ነው፤ ትንሿ በትክክል ሁለት ዓመት ታንሳታለች። ሁለቱም ግን ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፣ ያውም አንድ ወንበር ላይ።

ቀኑ ደግሞ ተራ ቀን አልነበረም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ለከተማው ውድድር የሚልካትን የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ይመርጣል። አንዲት ብቻ። ከከተማው ውድድር ላይ ደግሞ የስፖርት ማሠልጠኛው ልጆች ይለቅማል፤ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ ሁሉ በእሱ ነው። አሥራ ስምንት የሞላትን ግን ወርቅ ብትሆን አይነካትም። ትንሿ ዘንድሮ ቢያመልጣት የሚመጣው ዓመት አለላት፣ ከዚያ ወዲያም አለላት። ትልቋን ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት ነው። ይህንን አክስትም ታውቃለች፤ አውቃ ነው የደወለችው።

«አሳድጌያታለሁ፣ ልጄ ናት፣» ትላለች አክስት፣ «ግን ሁለት ዓመት ሁለት ዓመት ነው። አጥንቷ ጠንቷል፣ እግሯ ረዝሟል። የኔዋ ገና እንቦቀቅላ ናት።» በወዲያኛው ጫፍ ያለው የስፖርት መምህሩ ነው። ተማሪው ሁሉ ፊሽካ ነው የሚለው፤ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ ያየው ሰው የለም፣ አብሮት ይተኛል የሚሉም አሉ። ምን እንዳላት ባይሰማም አክስት በመጨረሻ «እሺ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ብላ ዘጋች። ትልቋ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀች። ሆድ ባሳት። እንባዋ ግን አልመጣም፤ የመጣው ንዴት ነበር፣ ንዴቱ ደግሞ ቀጥታ ወደ እግሯ ወረደ።

ለምን ሁለት ዓመት ዘገየች? ነገሩ አጭር ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላት ደብተር ሁሉ ተገዝቶላት ነበር። ያኔ አክስት የራሷ የስፌት መኪና የላትም፣ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነበር የምትገባው። የአምስት ዓመት ልጇን ለማን ትተዋት? «ዘንድሮን ብቻ ጠብቂልኝ» አለቻት፤ ዘንድሮ አለፈና የሚቀጥለው ዓመትም ዘንድሮ ሆነ። ከዚያ ትንሿ ለትምህርት ስትደርስ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንደኛ ክፍል ገቡ። በዚህ ቤት ስለዚያ ነገር ተወርቶ አያውቅም። ማንም አልወቀሰበትም፣ ማንም አላመሰገነበትም፤ ትንሿማ ጭራሽ አታውቀውም።

ቁርስ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት መቀስና በአንድ ያላለቀ ቀሚስ መካከል ተበላ። አክስት ለሁለቱም አንድ አንድ እንቁላል ቀቀለች። እውነት ለመናገር አክስት አድልታ አታውቅም፤ ልብሳቸው ከአንድ ጨርቅ ነው የሚቆረጠው፣ የዛሬው የሩጫ ቁምጣቸው እንኳን ከአንድ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። እንዲያውም የትልቋን ልብስ ስትሰፋ በየመገጣጠሚያው ሰፋ ያለ ትርፍ ትተዋለች፣ ስታድግ እንዲለቀቅላት። ትንሿ አፏን ሞልታ ስለ አዲሱ የጫማ ማሠሪያዋ ታወራለች። አክስት እንቁላል ትልጣለች። ትልቋ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሷ ግን ታማስላለች። አክስት ቀና ብላ አየቻት፣ ልትናገር አፏን ከፈተችና «ጨው አቀብይኝ» አለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ትልቋ ከክፍል ተጠርታ ወደ ስፖርት ክፍሉ ስትገባ አክስት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ተቀምጣለች። ይህ ሜትር የልብስ ሰፊ ቢጫ ሜትር ነው፣ ከመምህሩ አንገት ፊሽካው እንደማይወርድ ሁሉ እሱም ከእሷ አንገት አይወርድም። የባዮሎጂ መምህሯም ነበረች፤ ፊሽካ ለምስክርነት ጠርቷት ይሁን በአጋጣሚ አልታወቀም። ክርክሩ ጦፏል። አክስት ዕድሜ ጉልበት ነው አለች። የባዮሎጂ መምህሯ በወንዶቹ ቢሆን ልክ ነሽ፣ ሴት ልጅ ግን ከአሥራ አምስት በኋላ አንዳንዴ ሰውነቷ ሲከብድ ጭራሽ ትዘገያለች፣ ትንሿ ቀላል መሆኗ ራሱ ጥቅም ነው አለች። ፊሽካ ደግሞ ዐይኑ በርቷል! ሰውየው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያገኝ ምሳ አያምረውም። የስድስት ዓመት የሩጫ ሰዓት የመዘገበበትን ደብተር አወጣ። የዘጠነኛ ክፍል ልጃገረዶችንና አሥራ አንደኛዎቹን ሲያወዳድር ልዩነቱ አሥራ ሁለት ሴኮንድ መጣለት፤ ለዓመት ስድስት ሴኮንድ። በስድስት ሴኮንድ ጎበዝ ልጅ ሠላሳ ሜትር ትሮጣለች። «እንግዲያው ለሁለት ዓመት ስድሳ ሜትር!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ትልቋ ከሌሎቹ ስድሳ ሜትር ወደ ኋላ ሆና ትነሣለች፤ ያሸነፈች ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ አቤቱታ የለም።

የባዮሎጂ መምህሯ «ለመሆኑ ለምንድነው ዘግይታ የገባችው?» ብላ ጠየቀች። አክስት ወደ መስኮቱ ዞራ «እንዲሁ፣ ዘግይታ ነው የገባችው» አለች። ትልቋ የጫማዋን ጫፍ ተመለከተች። ፊሽካ ትስማማ እንደሆን ሲጠይቃት «እሺ» አለች። ስድሳ ሜትር! ፈርታለች፤ ከፍርሃቱ ጋር ግን ሌላ ነገር አለ፣ ደስታ የሚመስል። በቃ፣ ይለይለታ።

ምሳ ሳያልቅ ወሬው ግቢውን አዳረሰው። ከሯጮቹ መካከል ክፍል የደገመች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷ ግን ዕድሜ የሚባለው ነገር ሲነሣ ትንፍሽ አላለችም። ችግሩ የመጣው ስድሳውን ሜትር ለመለካት ሲታሰብ ነው። ረጅሙ ሜትር ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ከዕቃ ቤት ኃላፊው ጋር ነው፣ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ነው። ፊሽካ «ግድ የለም፣ በእርምጃ እለካዋለሁ» አለ። አክስት ይህን ስትሰማ ክብሯ የተነካ መሰላት። በእርምጃ ልብስ ይሰፋል ወይ ብላ ሜትሯን ከአንገቷ መዘዘች። አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው፤ አርባ ጊዜ ቢዘረጋ ስድሳ ይሞላል። ከቦርሳዋ የልብስ ጠመኔዋን አወጣች፣ ከዚያ እንደ ቤቷ፣ ዞር ሳትል፣ «ጫፉን ያዥልኝ» አለች። ትልቋም እንደ ቤቷ ጎንበስ ብላ ያዘች።

እንግዲህ እዩት ጉዱን። ልጅቷ ራሷን ወደ ኋላ የሚያስቀራትን መንገድ ራሷ ጫፉን ይዛ ታስለካለች። ሜዳውን በዙሪያው የከበበው የሲሚንቶ ጠርዝ ነው፤ አክስት በእሱ ላይ ሜትሩን ትዘረጋለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ተማሪው ዙሪያውን ከቦ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» እያለ ይቆጥራል። በአራተኛው ላይ ትልቋ አንድ ነገር አየች። አክስት ሜትሩ ያለቀበት ላይ ቀጭን መስመር ታሰምርና ሁለት ጣቷን ከመስመሩ ቀጥሎ ታስቀምጣለች፣ ከጣቶቿ ወዲያ ደግሞ ወፍራም መስመር ትስባለች፤ የሚቀጥለው ልክ የሚነሣው ከወፍራሙ ነው። ጨርቅ ላይ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ቀጭኑ የሚሰፋበት ነው፣ ወፍራሙ የሚቆረጥበት፤ በመካከል ያለው ሁለት ጣት ለስፌት የሚተው ትርፍ ነው። ይህ ግን ጨርቅ አይደለም። ሁለት ጣት አርባ ጊዜ! ትልቋ ስፌት ቤት ያደገች ልጅ ናትና ሒሳቡ ወዲያው ገባት፣ ከአንድ ሱሪ ርዝመት ይበልጣል። ልትናገር አሰበች። ከዚያ የጠዋቱ ስልክ ትዝ አላት። አውቃ ይሆን? አውቃም ከሆነ፣ ይኸው ጫፉን ይዣለሁ። እስከ አርባ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። ሜዳው አንዱ ዙር ሦስት መቶ ሜትር ነው፣ አምስት ዙር ይሮጣል። አምስቱ ልጆች መነሻው ላይ ተደረደሩ፣ ትልቋ ወደ ኋላ ርቃ ብቻዋን ቆመች። ከዚያ ሆና ስታያቸው አምስቱም ትንንሾች ይመስላሉ። ትንሿ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችላት፤ ትልቋም ሳታስበው አወዛወዘችላት። መጨረሻው ላይ የሚበጠሰውን ቀይ ክር የሰጠችው አክስት ናት፣ ሁለት ተማሪዎች ወዲህና ወዲያ ሊይዙት። ፊሽካ ጉንጩን ነፋ፣ ከዚያም ፊሽካውን።

የመጀመሪያውን ዙር ትልቋ ማንንም አላየችም፤ ትንፋሿን ብቻ ነበር የምታዳምጠው። በሁለተኛው ላይ ክፍል የደገመችውን ልጅ አለፈቻት፤ ዕድሜ እሷን ምንም እንዳልጠቀማት ግቢው ሁሉ አየ። በሦስተኛው ሌላ አንዲት አለፈች፣ በአራተኛው መጀመሪያ ላይ ሁለት በአንዴ። ሕዝቡ አበደ። ከፊት የቀረችው ትንሿ ብቻ ናት፣ ሃያ ሜትር ርቃ፣ ሰማያዊ ቁምጣዋን እያራገበች።

ትልቋ ጠዋት ጠዋት ከትንሿ ጋር ስትለማመድ ሁልጊዜ ከኋላዋ ነው የምትሮጠው። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም፤ ያቺ ልጅ ከዐይኗ እንዳትጠፋ የጀመረችው የልጅነት ልማድ ነው። ስለዚህ ጀርባዋን ከገዛ እጇ ይበልጥ ታውቀዋለች። ትንሿ ሲደክማት ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ፊሽካ የመጨረሻውን ዙር ነፋ፤ ትከሻው ቀጥ እንዳለ ነው። አሥራ አምስት ሜትር። የወዲያኛው መታጠፊያ ላይ አሥር። አሁን! ትከሻው ዝቅ አለ። ትልቋ ያላትን ሁሉ አወጣች፤ እግሯ መሬት ይንካ አይንካ አታውቅም። ግማሹ ትልቋ ይላል፣ ግማሹ ትንሿ ይላል፣ የባዮሎጂ መምህሯ ወንበር ላይ ቆማለች፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ ደግሞ ያ የስፌት መኪና ያሰለጠነው ድምፅ «አይዞሽ ልጄ! አይዞሽ!» ይላል። ለትንሿ ነው አለች ትልቋ በልቧ፣ ለማን ይሆናል ሌላ። አምስት ሜትር። ሁለት። ጎን ለጎን ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ ቀዩ ክር በትንሿ ደረት ላይ ተበጠሰ።

የቀደመቻት በአንድ ክንድ ነበር። ሁለቱም ተያይዘው ሣሩ ላይ ወደቁ። ትንሿ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ «አየሽ? አየሽ?» ትላለች፤ ትልቋም አቅፋ ሳመቻት፣ ከልቧ ነው የሳመቻት፣ ይህችን ልጅ እንድትሮጥ ያደረገቻት እሷ ናታ። ከእቅፏ ስትላቀቅ ግን አለቀ የሚለው ነገር ድንጋይ ሆኖ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ከሦስት ወር በኋላ አሥራ ስምንት። በቃ። ፊሽካ ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶ አወጣ።

አክስት ልጇን ልታቅፍ በሜዳው ጠርዝ በኩል እየሮጠች ስትመጣ ድንገት ቆመች። ከእግሯ ሥር የራሷ ጠመኔ ነበር። አንድ ቀጭን መስመር፣ ከጎኑ ሁለት ጣት አልፎ አንድ ወፍራም። ወደሚቀጥለው ሄደች፣ እሱም እንደዚያው። ወደሚቀጥለው ሄደች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መምህር፣ እንዳይጽፉ!» አለች።

ፊሽካ እስክሪብቶውን አነሣ። እሷ ቀስ ብላ ቀረበችው። ስድሳ ሜትር አይደለም አለችው፤ ሁለት ጣት ሁለት ጣት ትርፍ እየተወች ነው የለካችው።

«የምን ትርፍ?»

«የስፌት ነዋ!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ፊሽካ ግን አልሳቀም፣ በሆዱ ተኝቶ በማስመሪያ መለካት ጀመረ። ሁለቱ ጣት ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ አርባ ጊዜ ሲሆን አንድ ሜትር ከሃያ። ትልቋ የተቀደመችው በአንድ ክንድ። ሒሳቡን ሁሉም በየልቡ ሲሠራው ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። አክስት ወደ ትልቋ ዞረች።

«ጫፉን የያዝሽው አንቺ ነሽ። አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

ትልቋ መሬት መሬት አየች። «ሆን ብለሽ መስሎኝ።»

አክስት ቀድሞ ያልተመታችበት ቦታ ላይ ነው የተመታችው። የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው። ይህች ልጅ እንደዚያ ታስባለች በእኔ? ደግሞስ ብታስብ ምን አጠፋች? ከዚያ አክስት፣ ስታፍር ማንም አይቷት የማያውቅ ሴት፣ ዐይኗ በእንባ ሞልቶ ተነሣች።

«መምህር፣ ቀን ላይ ለምን ዘገየች ተብዬ ተጠይቄ ነበር» አለች፣ አሁን ሹክሹክታም አልሞከረችም። «ዘግይታ አይደለም። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። ልጄን እንድትጠብቅልኝ፣ ሁለቱንም ዓመት። እሱንም ይጻፉልኝ።»

ፊሽካ ደብተሩ ላይ እንዲህ ያለው ነገር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም፤ ኅዳጉ ላይ ጻፈው። ትንሿ አንዴ እናቷን አንዴ ትልቋን እያየች «እኔን?» አለች ብቻ። ደረቷ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ቀይ ክር ነቀለችና ትልቋ አንገት ላይ ጣለችላት። «የሚመጣው ዓመት ግን የኔ ነው» አለች እያለቀሰች። ፊሽካ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ለከተማው ውድድር ትልቋ እንደምትሄድ አወጀ፤ ግቢው እንደገና ተናወጠ። የባዮሎጂ መምህሯ ከወንበሯ ሳትወርድ፣ ታዲያ ዕድሜ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብላ ጮኸችበት። እሱም ዕድሜዋን ስድሳ ሜትር አስከፍለናታል፣ ቀሪው የእግሯ ነው አላት።

አመሻሹ ላይ ስፌት ቤቱ ሥራ አልያዘም፤ አክስት የደንበኞቹን ሱሪ ወደ ጥግ ገፍታ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ ዘርግታለች፣ ለከተማው ውድድር የሚሆን ሙሉ ቱታ። ትልቋ በተሰነጠቀው መስታወት ፊት እጆቿን ዘርግታ ቆመች። አክስት ትከሻዋን ለካች፣ ክንዷን ለካች፣ ጎንበስ ብላ እግሯን ለካች፤ ትንሿ አልጋው ላይ ሆና ቁጥሩን ትጽፋለች። አክስት ጠመኔዋን ይዛ ጨርቁ ላይ ቀጭኑን መስመር አሰመረችና ቆመች፤ ጣቶቿ መስመሩ አጠገብ ደርሰው አመነቱ። ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ትርፍ ልተው ወይስ ይብቃ?»

«ተዪ፣ አክስቴ» አለች ትልቋ፣ ሳቋ እያመለጣት። «ገና ልጅ ነኝ እኮ፣ አድጋለሁ።»

አክስት ሁለት ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈች፣ አሰበችና ሦስተኛውን ጨመረች፣ ከዚያ ወፍራሙን መስመር ሳበች።